በቀይ የጻፍኩት ስም

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ ለመሪጌታ ገብረ ዮሐንስ፤ ላሊበላ።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ብርዱስ በረታ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ የሚያመኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው። ይህን የሚያነብልዎ ታናሽ ወንድሜ ይታገሱ መሆኑን አውቃለሁ። አንተ ልጅ፣ እየዘለልክ እንዳታነብ፤ ስለ ዓይናቸው የጻፍኩትንማ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው።

ሥራዬ ምን እንደሆነ አብራኝ የምትኖረውን ሽታዬን ጠይቀዋት ነበር አሉ። እንጨት ላይ የሚጽፍ ማሽን ነው የማሠራው። ብዕርም መሮም የለውም፤ በቀጭን ብርሃን እያቃጠለ ይጽፋል፣ ሲታዘዝ ደግሞ እንደ መጋዝ ቆርጦ ይጥላል። የሚታዘዘውም በቀለም ነው። በኮምፒውተሩ፣ ላዩን ብቻ የሚጫረውን ጥቁር፣ ስሱን መስመር ሰማያዊ፣ ተቆርጦ የሚወጣውን ቀይ እናደርጋለን። እያንዳንዱን ቀለም ሌየር ይሉታል፤ እንደ ስስ ወረቀት አንዱ ባንዱ ላይ የተነባበረ ነው፣ ለያንዳንዱም የራሱ ኃይልና ፍጥነት ይሰጠዋል። ቀዩ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከተቆረጠ እንጨቱ ይንሸራተትና ጽሑፉ ይጣመማል።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ለቤቷ የጸሎት ሰሌዳ አዘዘችን። ጽሑፉን ሁሉ በጥቁር አዘጋጅቼ «ማርያም» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ራሱ ቀዩን መረጠ። ምን ላድርግ? ቀይ ቀለም እየበጠበጥኩልዎ ነው ያደግሁት፤ የእመቤታችን ስም በብራናዎ ላይ በጥቁር ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ማሽኑ ምን ያውቃል፤ ሌላውን አሳምሮ ጽፎ ሲያበቃ ስሟን ፊደል በፊደል ቆርጦ ጣለው። ሰሌዳውን ባነሳው በስሟ ቦታ ቀዳዳ ብቻ። በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የሱቁ ባለቤት ኤልሳቤጥ መጥታ ማን ቀይ አድርጊው አለሽ ብትለኝ፣ አባቴ አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ስለ ብራናው ነገርኳት። ዓይንዎን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ብዕር እንዳልጨበጡ፣ ሐኪሙ አዲስ አበባ ቢሄዱ ይገፈፋል ቢልዎትም እርጅና ነው ተዉኝ ብለው እንደተቀመጡም ሳልደብቅ ነገርኳት። ሳቋን አቆመች። ሰሌዳውን በአዲስ እንጨት ድገሚው፣ አባትሽንም አምጪያቸው፣ እስኪድኑ እኔ ቤት ያርፋሉ አለችኝ።

የወደቁትን ፊደላት መጥረጊያ እንዲነካቸው አልወደድኩም። ለቅሜ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ለሽታዬ ሰጥቼ ልኬልዎታለሁ። ቅርጹን ያወጣሁት በርስዎ የፊደል አጣጣል ነውና በጣትዎ ይዳስሷቸው። ሽታዬ ለገና መጥታ ከጥምቀት በኋላ ትመለሳለች። እባክዎ አባባ፣ አብረዋት ይምጡልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ። እህቴን ማኅሌትን ከነልጇ፣ ብልባላ ያለውን አጎቴን ሰጠኝን ከነቤተሰቡ፣ ጎረቤታችንን እትዬ አሰለችን ሰላም በሉልኝ። ይታገሱ፣ አንተንም ስሜሃለሁ፤ ጫማህን ሽታዬ ይዛልሃለች።

አንድ ነገር ልጨምር። የ«ማ»ን እግር ያሳጠርኩት ይመስለኛል። ድሮ ቢሆን አንድ ፊደል ሲዛነፍብኝ ቤቱን በቁጣ ያናውጡት ነበር። አሁን ማንንም ሳይቆጡ ዝም ብለው እንደሚውሉ ሰማሁ። እግሩ አጥሮ ከሆነ በደብዳቤ እንዳይመልሱልኝ። መጥተው፣ በዓይንዎ አይተው ይቆጡኝ።

ልጅዎ አልጣሽ
አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2009 ዓ.ም.