ስምሽ ያለበት ደብተር

ጥር 25 ቀን 2002 ዓ.ም.
ሽንዲ

ለተከበርሽው እህቴ፣
ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ከተማ

የከበረ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የቋሪት ብርድ እንዴት ይዞሻል? የግብርና ባለሙያነቱስ ሥራ ተስማማሽ? ባለፈው ክረምት እዚህ ለተግባር ትምህርት በመጣሽ ጊዜ «አንቱ አትበለኝ፣ አክስትህ አይደለሁም» ብለሽ ስለ ተቆጣሽኝ፣ «አንቺ» እያልሁ እጽፋለሁ። እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ። ወላጆቼም ከላስታ የደኅንነታቸውን ወሬ ልከውልኛል።

ይህን የምጽፈው፣ ስለ ውጤትሽ የተነገረውን ከሌላ ሰው ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ነው። ዩኒቨርሲቲው በየትምህርት ክፍሉና በየተግባር ጣቢያው ያለውን መማር ማስተማር በሙሉ በመገምገም ላይ ይገኛል። እኔም የበቆሎ ዘር ማባዣው የመስክ ረዳት እንደ መሆኔ፣ በዚህ ወር በአሥራ ዘጠኝ ፍኖተ ሰላም ለስብሰባ ተጠራሁ። በአዳራሹ ውስጥ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እጄን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ ከጉልበቴ ሥር ሸሽጌው ተቀመጥሁ።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ የሻሽወርቅ የእናንተን የአቴንዳንስ ወረቀት አነሡ። ሠላሳ ሁለት ተማሪ፣ ሠላሳ ቀን፣ አንድም ቀሪ የለም። «እነዚህ ልጆች እሑድ እሑድም በቆሎ ውስጥ ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝ። አዳራሹ ሳቀ። ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝና አልሳቅሁም። እንደምታውቂው፣ ሠላሳ አንዱ በመጀመሪያው ቀን ቦት ጫማ አድርገው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ወደ ቡሬ እንደ ተመለሱ አልመጡም። መምህራችሁ አቶ ንብረት «ሙላላቸው፣ ምን ይጎድልብሃል» ሲሉኝ፣ ከላይ እስከ ታች ሞላሁት። ሰንበትን መዝለል እንዳለብኝ እንኳ አላሰብሁም።

ሰብሳቢዋ የሠላሳ ሁለታችሁም የተግባር ውጤት ተሰርዞ ክረምቱን እንድትደግሙ ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ከሆነ አንቺ የያዝሽውን ሥራ ትለቂያለሽ። ተነሥቼ «አንዷ ግን መጥታለች» አልሁ። አቶ ንብረት ከኋላዬ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተቀመጥ አንተ፤ በአራተኛ ክፍልህ የሰው ዲግሪ ልትሰርዝ ነው?» አሉኝ። ሰብሳቢዋ ማስረጃ ጠየቁ።

የመስመር ደብተሩን ይዤ ነበር። በሴቴው መስመር ላይ ወንዴ አበባ ሳይነቀል ቢገኝ ዘሩ ስለሚበላሽ፣ ማን እንደ ዘለለው እንዲታወቅ በየቀኑ የነቀለውን ሰው ስምና የመስመሩን ቁጥር የምጽፍበት ነው። ዝናቡ ባላቋረጠበት፣ ቅጠሉም ክንድሽን በቆራረጠበት ሳምንት ሳይቀር፣ ከሰንበት በቀር ሃያ ስድስቱንም ቀን ስምሽ አለ። ከአንቺ ጋር የተጻፉት የቀን ሠራተኞቹ ሰውነትና ወይኒቱ ብቻ ናቸው። ደብተሩን ብሰጥ፣ የሌሎቹን አለመምጣት እያወቅሁ መሙላቴ በገዛ እጅ ጽሕፈቴ ይረጋገጣል፤ ኮንትራቴም የሚታደሰው በዚያው ሳምንት ነበር።

ደብተሩን ሰጠሁ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ገጽ በገጽ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የዚች ልጅ ስም ብቻ ለምን እንዲህ ተጠንቅቆ ተጻፈ?» አሉኝ። ብዕሩ አዲስ እንደ ነበር መለስሁላቸው። «ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ አዲስ?» ብለው ገጹን ገለጡ።

ውጤትሽ ጸንቷል፤ ማረጋገጫው በመሥሪያ ቤትሽ በኩል ይደርስሻል። ሠላሳ አንዱ ይደግማሉ። ጥፋቱ የእኔም ነውና አዝኜላቸዋለሁ። የእኔ ኮንትራት በዚህ ወር መጨረሻ ስለሚያበቃ፣ ወደ ሽንዲ መልስ ብትጽፊ አያገኘኝም።

ከስብሰባው ስወጣ መናኸሪያ ሄድሁ። የቋሪት መኪና ቆሞ ነበር። ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው» እያለ ሲጣራ ቆይቶ፣ ወደ እኔ ቀርቦ «አንተ ልጅ፣ ትሄዳለህ ወይስ በዓይንህ ልትሸኘን ነው?» አለኝ። ደብተሩም እዚያው ቀርቶ ነበርና፣ «ምን ይዘህ መጣህ?» ብትይኝ የምመልሰው አልነበረኝም። አንዲት ሴት ከነዶሮዋ ገብታ ቦታውን ያዘች። መኪናው እስኪወጣ ድረስ ቆሜ፣ ከዚያ ወደ ሽንዲ ለመመለስ የቡሬውን ተሳፈርሁ።

የዘራሽው ይብቀል፤ ያስተማርሻቸው ይስሙሽ፤ እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅሽ።

አክባሪ ወንድምሽ