ቡሬ ላይ የደረሰኝ መልእክት

አስካልዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከሰባት ቀን ሆነ። እንደ ደንቡ እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። እንጀራዬ ለሰው ደብዳቤና ማመልከቻ መጻፍ ሆኖ ሳለ፣ ላንቺ አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ዓመት ፈጀብኝ። ምክንያቱን ታውቂው ይሆናል። በጋምቤላው መንገድ፣ ቡሬ ሳለሁ የላክሽብኝ መልእክት ደርሶኝ ነበር። ይህንን እስከ ባለፈው እሑድ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።

የቤቱን ላስቀድምልሽ። በጓሮ በኩል ያለው ጣሪያ ማፍሰሱን አቁሟል፤ ወንድምሽ ጋሼ ተሰማ ሁለት ቆርቆሮ አምጥተው በገዛ እጃቸው መቱልኝ። ልጃችን ጽጌ አሥራ አንድ ዓመቷን ይዛለች። ለሐዘንሽ የተላጨችው ፀጉሯ አድጎ ለሹሩባ ደርሷል፤ እኔ ስለማልችልበት ጎረቤት ሄዳ ትሠራ ነበር። ወጥ መሥራትም ጀምራ ነበር። ጨው ታበዛ ነበር፣ እኔም ትንፍሽ ሳልል እበላ ነበር። በቅሎዋን ለጋሼ ሰጠኋቸው። አሁን ጠረጴዛዬን የዘረጋሁት እዚሁ መቱ፣ ፍርድ ቤቱ በራፍ ካለው ዋንዛ ሥር ነው። ወደ ኩባንያው አልተመለስኩም፤ ወደ መንገዱም አልተመለስኩም።

የሥራ አስኪያጁን የጠረጴዛ ደወል ታስታውሺዋለሽ፤ ራት ላይ በማንኪያና በብርጭቆ እያስመሰልኩ አስቅሽ ነበር። አንድ ጊዜ ሲደወል ለእኔ፣ ሁለት ጊዜ ሲደወል ለሻይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቡና ኩባንያ ጸሐፊነት ያችን ደወል በሰማሁ ቁጥር ብድግ ስል ኖርኩ። አንድ ቀን ተደወለ፣ ብዕሬን ጥዬ ሮጬ ገባሁ፣ ሰውየው ከክንዱ አጠገብ ያለውን መስኮት ዝጋልኝ አለኝ። ዘጋሁለት። ከዚያ ኮፍያዬን አንሥቼ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አንቺ ግን ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ከእንግዲህ ማንም ሲጠራኝ አልነሣም ብዬ ስፎክር፣ ለምሳም ብጠራህ? አልሽኝ። በማግስቱ ወረቀቴን ዝናብ እንዳያበላሽብኝ ከአሮጌ ሸራ ቦርሳ ሰፋሽልኝ። የኢሉባቦርን ዝናብ የምታውቂ አንቺ ነሽ።

እንዲህ ሆኜ ነው መንገደኛ የሆንኩት። ጠረጴዛዬን በበቅሎ ጭኜ ከገበያ ገበያ እየዞርኩ የሰው አቤቱታ እጽፍ ጀመር። የመጀመሪያው ሰሞን ኖፓ ገበያ ድረስ አብረሽኝ መጥተሽ ነበር። ገበሬው በደሉን በኦሮምኛ ላንቺ ያወራል፤ አንቺ ሰምተሽ፣ አሳጥረሽ፣ ለእኔ በአማርኛ ታቀብያለሽ። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም ነበር። አንዱ መሬቴን በጉልበት ነጠቁኝ ሲል፣ ውሸቱን ነው፣ በጉልበት የሚለውን አትጻፍ ብለሽ በክርንሽ ነካሽኝ። ሰውየው አማርኛ ያውቅ ኖሯል፤ ከእኛ በላይ ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት የተደሰትኩበት ቀን የለም። ድሆች ነበርን፣ ጫማችን በጭቃ ተውጦ ነበር፣ ግን የሚደውልብን አልነበረም።

አሁን ወደ ቡሬው ልምጣ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የጭነት በቅሎ የሚነዱ ሰው ገበያው ዳር አገኙኝ። ቤት ትፈለጋለህ፣ ቶሎ ና ብለውሃል አሉኝ። ሌላ የነገራቸው አልነበረም። ታማለች ብላችሁ እንዳታስደነግጡት፣ መንገድ ላይ ክፉ ያገኘዋል ብለሽ የከለከልሽው አንቺ ራስሽ መሆንሽን ኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ግን የመሰለኝ ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን ጋሼ ተሰማ፣ ሥራ አስኪያጁ ይፈልግሃል፣ በሽማግሌ እንመልስሃለን ሲሉኝ ሰንብተዋል። ስለዚህ ያቺ ደወል እስከ ቡሬ ድረስ ተከትላኝ የመጣች መሰለኝና ደሜ ፈላ። ከቅዳሜ ገበያ በኋላ እመጣለሁ በሏቸው አልኩ። ኦቦ ገመቹ ትንሽ አዩኝና፣ ዛሬውኑ ብትነሣ ይሻልህ ነበር አሉ። ቀጥለውም በደህና ግባ ሲሉ ናጋን ገሊ ብለውኝ በቅሎዎቻቸውን ወደ ጋምቤላ ነዱ። እኔም ሲጠሩኝ ባለመነሣቴ ኮርቼ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ አረፍሽ። ወሬው እሑድ በቡና ጫኝ መኪና ቡሬ ገባ። ከእኔ በስተቀር ያልሰማ አልነበረም። ዘመድ በሌለበት ባዕድ አገር ለሰው መርዶ አይነገርም፤ ስለዚህ ሁሉም አፉን ዘጋ፣ ዘግቶም ደግነቱን አዘነበብኝ። ቤታቸው ያረፍኩባቸው እትዬ ጫልቱ፣ በጭቃ ጫማዬ ምክንያት ሲነጫነጩብኝ የሚውሉት ሴት፣ ውኃ አሙቀው እግሬን አጠቡኝ። ከዶሮው እግሩን መርጠው አጎረሱኝ። ስለ አንድ ቃል ሁለት ቀን የተጨቃጨቀኝ ባለጉዳይ ጠረጴዛዬን ተሸክሞ ቤት አደረሰልኝ። ገበያ መሐል ስሄድ ሰው ከመቀመጫው ይነሣልኝ ነበር። እኔ ቂሉ፣ እንግዲህ ተከበርኩ አልኩ። ሥራዬን ትቼ መውጣቴ ትክክል እንደነበረ አገሩ ሁሉ የመሰከረልኝ መስሎኝ፣ አስካልዬ፣ ሰው ሆንኩልሽ ብዬ ደብዳቤ ጀመርኩልሽ። ያን ሰዓት አንቺ አፈር ለብሰሻል።

ሰኞ ወደ መቱ ስመለስ ጎሬ ገብቼ አደርኩ። ማክሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ ተሰማና ሁለት ሽማግሌዎች ከመቱ መጥተው ቆመዋል። ገና ሰላምታ ሳይሰጡኝ፣ ወደ ኩባንያው አልመለስም! ብዬ ጮኽኩባቸው። በጣቴም እያመለከትኩ ነበር። ጋሼ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው አለቀሱ። የእኔ ልጅ፣ ስለ ኩባንያው አይደለም አሉኝ።

ያን ቃሌን ስንት ጊዜ እንዳኘኩት አትጠይቂኝ።

ከዚያ ወዲያ ውሸቱ በራሱ ጊዜ ተሠራ። ገመቹን ልከንብህ ነበር፣ ሳያገኝህ ቀርቶ ነው አሉ። ዝም አልኩ። ኦቦ ገመቹም በዚያው ጋምቤላ ቀሩ። ለቀስተኛው ሁሉ መንገድ ላይ ነበርክ፣ ምን ታደርግ እያለ አጽናናኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ማጽናኛውን ተቀበልኩ። ከሁሉ የባሰው የጽጌ ነው። በመጨረሻው ቀንሽ፣ ሰምቶ ቢሆን ይመጣ ነበር ብለሻታል። ልጅቷ ዓመት ሙሉ የኖረችው በዚህች ቃል ነው። ባለፈው እሑድ ተዝካርሽን ስናወጣ፣ እንግዳ ባለበት ቀና ብላ፣ አባቴ አልሰማም እንጂ ሰምቶ ቢሆን ይመጣ ነበር፣ እማዬ ነግራኛለች አለች። ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እኔ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀምጬ ወጣሁ።

እንግዶቹ ሲበተኑ እጇን ይዤ ወደ መቃብርሽ ወሰድኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ረቡዕ እንደሰማሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ብነሣ ኖሮ ዓርብ ማታ እንደምደርስ፣ ምን እንደመሰለኝም ሳልደብቅ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እጇን ከእጄ አወጣችና፣ ዓርብ ማታ እኮ እማዬ ታወራ ነበር አለች። ከዚያ ቀድማኝ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

በር ላይ ስንደርስ ግን ሳታየኝ፣ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለእሷ ንገራት አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ ዘንድ ናት። ጋሼም ነግራቸው ነው መሰለኝ ፍርድ ቤቱ ደጅ ሲያልፉ ወደኔ አይዞሩም። አልፈርድባቸውም።

እነሆ፣ ልጅሽ እንዳዘዘችኝ ነገርኩሽ። ይቅር በዪኝ ማለት ይከብደኛል፤ መልስ ልትሰጪኝ የማትችይውን ሴት ማስጨነቅ ይሆንብኛል። አልረሳሽም ማለት ደግሞ ቀላል ነው፣ ሁሉም ባል የሚለው ነው። እኔ ቃል የምገባልሽ ይህን ነው። ከእንግዲህ ሰው ስላንቺ አንሥቶ፣ መንገድ ላይ ነበርክ፣ ምን ታደርግ ሲለኝ፣ የለም፣ ቡሬ ተቀምጬ ነበር፤ ጠርታኝ ቀረሁ እላለሁ።

ባልሽ