ከወንፊቱ የተገኘው ቀለበት

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደኅና ነን፤ ከአንቺ በቀር የጎደለብን የለም።

ሥራዬ ያው ከጥንት ባሕር ወለል የመጣ ድንጋይ መፍጨት ነው። አንዲት ጣት ከማትሞላ የሸክላ ንጣፍ በታች ዛጎሉ ሞልቷል፤ ከበላይዋ ግን ምንም የለም። ንጣፏ ውስጥ ከሰማይ ከወደቀ አለት የመጣ ኢሪዲየም የሚባል ብረት አለ፤ ያን ሁሉ ፍጥረት ምን እንደጨረሰው የሚያሳብቀው እሱ ነው። አንዳንድ ቀለበት ውስጥም ስለማይጠፋ፣ ልኬቱን እንዳያዛባ ሥራ ላይ ጌጥ ማድረግ ክልክል ነው። የእማዬ ቀለበት ግን በሳሙናም አልወጣ ስላለኝ በፕላስተር ጠቅልዬው ነበር የምሠራው።

ባለፈው ሳምንት መለኪያ ማሽኑ ያን ብረት ከልክ በላይ አሳየ። አለቃዬ «ሌላ እልቂት አገኘን!» ብሎ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ለካ ቀለበቱ ከነፕላስተሩ የድንጋዩን ዱቄት የምነፋበት ወንፊት ውስጥ ወድቋል! ሳቅን፣ ሳቅን። ከዚያ አለቃዬ ሳቁን አቁሞ እጄን አየና፣ «በሳሙናም አይወጣም አላልሽም ነበር?» አለኝ።

«ሳሙናው ተሻሽሎ ነዋ» አልኩት።

ሌላ ወሬ የለም። ቀሚሶቼን ጠበብ እንድታደርግልኝ ለሰፊዋ ሰጥቻለሁ። ቀለበቱን ደብዳቤውን በሚያደርስልሽ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ። የእማዬን ጣት የወረስሽው አንቺ ነሽ፤ አደራ፣ አታውልቂው።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ታናሽሽ