ሶሊ ያልፈራችው አዞ

እትዬ ፀዳለ፣ ጤናሽን ሳልጠይቅ ኃጢአቴን ላስቀድም፤ ስለ ልጄ ስለ ሶሊ አሟሟት ለአንቺም ለሰውም የነገርኩት ውሸት ነው። ይህን ካልኩሽ በኋላ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ አዲስ በተከፈተ ቢሮ ተላላኪ ሆኜ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ሙቀቱ እንኳን ሰው ድንጋይ ያልበዋል።

ሶሊን ያሳደገቻት የሟች ባለቤቴ ታናሽ እህት አኬሎ ናት። እዚህ ባሮ ዳር ለልጆች የምትነግረው ተረት ነበራት። ፍርሃት የማታውቅ ልጅ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ አዞ ታገኛለች። «አትፈሪኝም?» ይላታል። «ፍርሃት ምንድን ነው? እስቲ አሳየኝ» ትለዋለች። «ቅረቢ» አላት፤ ቀረበች፤ በላት። ተረቱ እዚያው ያልቃል። የሰፈሩ ልጆች «በላት!» ብለው ይጮሃሉ፤ ከዚያ ማንም ብቻውን ወንዝ አይወርድም።

እኔ የደጋ ሰው ጭካኔው አንገፈገፈኝ። ሶሊ ስታለቅስብኝ፣ አንበሶች ያልነኩትን ነቢይ እያሰብኩ፣ «አዞው የዋህነቷን አይቶ በጀርባው አሻገራት» አልኳት። «አባዬ፣ ካልፈራሁት አይነካኝም?» አለችኝ። «አይነካሽም» አልኳት። አኬሎ ሰምታ፣ «ተው ጋሽ ዘገየ፣ አዞ ስብከት አይሰማም» አለችኝ። ሳቅኩባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አኬሎ ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ፣ ሶሊ አዞ አይታ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው እጇን ዘርግታ ውሃው ውስጥ ገባች። አኬሎ እየጮኸች ስትሮጥ ሶሊ ዞር ብላ «አልፈራሁም እኮ!» አለቻት። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው። የቀበርነው የቀሚሷን ቁራጭ ብቻ ነው።

ለቅሶው ላይ አኬሎ «አባቷ አይነካሽም ብሏት ነው» ስትል፣ እኔ በሰው ፊት «ውሸቷን ነው፤ ወሬ ይዛ ዘንግታት ነው» አልኩ። ሰው አመነኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትወጣ «የአዞ ሞግዚት መጣች፣ ልጆቻችሁን ያዙ!» ይሏታል። ሕፃን የሚያስይዛት የለም።

ነቢዩ አንበሳ እንደሚሰብር እያወቀ ነው የገባው። ድፍረት እሱ ነው። ልጄ ግን አታውቅም ነበር፤ እንዳታውቅ ያደረግኋት እኔ ነኝ። የዋህነት ጋሻ ይመስለኝ ነበር፤ ጠባቂ ከሌለው ለካ ጉርሻ ነው። እነአኬሎ ተረቱን የሚያጨክኑት ልጆቻቸውን ስለሚወዱ ነው። እኔ ደግሞ ፍርሃትን አሳምሬ አውቀው ነበር፤ አውቄም ለቅሶው ላይ ተገዛሁለት።

አሁን ኢታንግ ያለ ዲዩ የሚባል ሰው አኬሎን ሊያገባ ጠይቋል። የወገኑ ሽማግሌዎች ግን «ልጅ ያስበላች ሴት ምን ልታሳድግልን?» እያሉ አመነቱና፣ የሟቿ አባት ይንገረን ብለው መጡ። የኔ ቃል ካልፈታት ማንም እንደማያገባት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጋሼን ሰላም በይልኝ። ትንሹን ዳዊን ሳሚልኝ፤ አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ለእናታችንም ሳትደብቂ አንብቢላት፤ ብትረግመኝም ትርገመኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ አኬሎ ባለችበት ጠየቁኝ። እሷ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ተነሥቼ ቆምኩና፣ «አኬሎ እውነት ተናግራለች፤ ውሸታሙ እኔ ነኝ። ልጄን አይነካሽም ብዬ ወደ አዞ የላክኋት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ወንድምሽ ዘገየ
ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 1987 ዓ.ም.