የማይመሳሰሉ እጀታዎች

አዋሽ ጣቢያ፣ የካቲት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ውባየሁ፤

የደሴ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኛ ሙቀቱ አንገላታን እንጂ፣ ተመስገን፣ አለን።

ልብሱን ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ መከመር ሰልችቶኝ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጩ ከዑመር ባለ ሦስት መሳቢያ ኮመዲኖ ገዛሁ። አገሩ የገባ ፈረንጅ ትቶት የሄደ ነው። ሦስቱም መሳቢያዎች የሚያምር የነሐስ እጀታ ነበራቸው። እኔ ግን ሁለቱን አስነቅዬ፣ በአንዱ የብረት ቀለበት፣ በሌላው የእንጨት እጀታ አስገጠምኩ።

ዑመር «ወላሂ እኅቴ፣ ዕቃውን አበላሸሽው! ሰው የሚመሳሰል ነው የሚፈልገው» ብሎ ሳቀብኝ።

«እኔ እንዲህ ነው የምወደው!» አልኩት ተቆጥቼ።

ነሐሱ ለባለቤቴ የሥራ ልብስ፣ ቀለበቱ ለሸሚዞቹ፣ እንጨቱ ለእኔ ሆነ። ትናንት ወልደገብርኤል እጀታዎቹን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ እኔን ሳይጠራ ሸሚዙን አወጣ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ድክም አለኝ።

ሥራው እንደ ድሮው ነው፤ ሐዲዱ ዳር ቆሞ ለባቡሩ ባንዲራ ያሳያል። በወሩ መጨረሻ ሐኪም መጥቶ የሠራተኛውን ሁሉ ዓይን ይመረምራል አሉ። የምንኖርበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ እንደሆነ ያውቃሉ።

ደብዳቤዎን አሁን የማነብለት እኔ ነኝ። «በአንቺ ድምፅ ሲሆን ይጥመኛል» ይላል። እንግዲህ ለእሱ ብቻ የሚሉትን አይጻፉበት።

ልጆቹን ሁሉ ይሳሙልኝ፤ ጸሎትዎ አይለየን። ብዙ እንዳልጽፍ ሥራ ይዣለሁ፤ የቀዩን ባንዲራ እጀታ በወፍራም ክር እየጠመጠምኩለት ነው። የአረንጓዴውን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ታናሽ እኅትዎ ታንጉት