ፊደሌን ያሰረው ዘበኛ

ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በእጄ የምጽፍልህ ኮምፒውተሬ ተበላሽቶ እንዳይመስልህ፣ እንደ ሰሞኑ ደህና ሆኖም አያውቅ። በስልክ የምልክልህን ከሁለተኛው መስመር በታች እንደማታነበው ስለማውቅ ነው። መጽሐፋቸውን የምተይብላቸው መምህር የወንድም ልጅ ነገ ወደ እናንተ ይበራል፣ እጅህ ላይ እንዲያስቀምጠው አደራ ብዬዋለሁ።

መልእክትህ ደርሶኛል። "እማዬ፣ አንቲቫይረሱ በወሩ መጨረሻ ጊዜው ያልቃል። አዲሱን የማደሻ ቁጥር ካላስገባሽ እህቴ መጥታ ኮምፒውተሩን ትወስደዋለች፣ ላንቺ ስልኩ ይበቃሻል" ብለሃል። እንግዲያው ስማኝ። የወሩን መጨረሻ አልጠበቅሁም። ሰኞ ዕለት በገዛ እጄ ነቅዬ ጥዬዋለሁ። ኮምፒውተሩም ከዚህ ቤት አይወጣም።

ጡረታ የወጡትን የጂኦግራፊ መምህር የሕይወት ታሪክ እየተየብኩ እንደሆነ ታውቃለህ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ሚስታቸውን ያገኙበት ቦታ ስንደርስ፣ አንድ ጠዋት ኪቦርዱን ብነካው የሚወጣው ሁሉ የፈረንጅ ፊደል ሆነ። አጥፍቼ ባበራው፣ ብነቅለው ብሰካው፣ ወይ ፍንክች። ሦስት ቀን ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። መምህሩ በየቀኑ እየመጡ አጠገቤ ይቀመጡና "አሁንስ?" ይሉኛል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ቢቸኩሉ አይፈረድባቸውም።

መንገድ ማዶ ኮምፒውተር የምትጠግነውን ሴትዮ ጠራኋት። ትንሽ ጎርጉራ አገኘችው። "የሚጽፉበት የፊደል ፕሮግራም የሚነኩትን ቁልፍ እየተከታተለ ነው ወደ ፊደል የሚቀይረው" አለችኝ። "አንቲቫይረሱ ደግሞ ቁልፍ የሚከታተል ነገር ካየ ሌባ ይመስለዋል። ይኸው፣ ለይቶ ማቆያ ከቶታል።"

ሀሁን፣ ልጄ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ተቀምጬ የተየብኩትን፣ አንተን ያስተማረልኝን ሀሁ ሌባ ነው ብሎ አሰረው።

"ቆይ፣ ለመሆኑ ይሄ ነገር ያስፈልገኛል?" አልኳት።

"ድሮ ያስፈልግ ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ ከነጥበቃው ነው የሚመጣው። አፕዴት ሲልዎት እሺ ይበሉት፣ ከማያውቁት ሰው የመጣ ፋይል አይክፈቱ፣ የጻፉትን ፍላሽ ላይም ያስቀምጡ። ያገኙትን ፕሮግራም ሁሉ የሚጭኑ ቢሆኑ ሌላ እልዎት ነበር፤ ቤትዎ ቁጭ ብለው ለሚተይቡት ግን ይሄ ይበቃል።"

"ታዲያ ልጄ ምን አስጨነቀው?"

ሳቀች። "እሱን እንኳ ራሱን ይጠይቁት" አለችኝ። ይኸው ጠየቅሁህ።

ፊደሌን ፈትታልኝ ሄደች። በሳምንቱ መልሶ አሰረው። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት።

አሁን "በስልክ ያወራሽው ሰውዬስ?" ትለኛለህ። እህትህ ግማሹን ነው የነገረችህ፣ እኔም ለእሷ ግማሹን ነው የነገርኳት። ሙሉው ይኸውልህ። ፊደሌ በታሰረበት ሳምንት ነው፣ አንድ ሰው "የኮምፒውተርዎ ጥበቃ ጊዜው ሊያልቅ ነው" ብሎ ደወለ። ስቀመጥ ማቃሰቴን ሰምቶ "ምነው እናቴ፣ አመመዎት?" አለኝ። ጉልበቴን ነው አልኩት። በማግስቱ ሲደውል፣ ገና ሃሎ ሳልል፣ "ጉልበትዎ እንዴት አደረ?" አለኝ።

ሌባ እንደሆነ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። የስንቱን አጭበርባሪ ቃል ስተይብ ኖሬ የለ? ሁሉም ጤና ጠይቀው ነው የሚጀምሩት። አውቄም አራት ቀን አወራሁት። ስለ መምህሩ መጽሐፍ ነገርኩት፣ የጓዳው ጣራ እንደሚያፈስ ነገርኩት፣ እሱም "ባልዲ ያድርጉበት" አለኝ። በአምስተኛው ቀን ኮምፒውተሬ ውስጥ የሚገባበትን ቁጥር ስክሪኑ ላይ አይተሽ አንብቢልኝ አለ፤ እርስዎ ማለቱንም ያን ዕለት ተወው። የድሮ መሥሪያ ቤቴን ስልክ ቁጥር አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም፣ ፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ተይቤ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ አልደወለም።

እሱን የቱ አንቲቫይረስ ነው የሚያስቆመው? በኮምፒውተሩ አልመጣ፣ በእኔ በኩል ነው የመጣው። ያንተ ዘበኛ አረንጓዴ ምልክቱን አብርቶ ሀሁን ሲጠብቅ፣ ሌባው እናቴ እያለኝ ነበር።

"ስልኩን ለምን ታነሺለታለሽ?" ብለህ በእህትህ በኩል ጠይቀሃል። ስለ ጉልበቴ ስለጠየቀኝ ነው። አንተ ስትደውል "አፕዴት አደረግሽው?" ትለኛለህ፣ አዎ እልሃለሁ፣ ትዘጋዋለህ። ከፍቶኛል። ይህን ለመናገር አፍር ነበር፣ ዛሬ ግን አላፍርም።

ስለዚህ ቁርጡን እወቀው። እህትህ ስትመጣ ሻይዋን ጠጥታ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ከሩቅ ሆነህ ኮምፒውተሬ ውስጥ የምትገባበትንም ፕሮግራም ነቅዬዋለሁ። ፓስዎርዱም ተቀይሯል፣ የልደት ቀንህ አይደለም፣ በከንቱ አትልፋ። እኔ ገጽ መቶ ሠላሳ ላይ ነኝ። መምህሩ አግብተዋል፣ የመጀመሪያ ልጃቸውም ተወልዷል። መጽሐፉ ሳያልቅ ከዚህ ጠረጴዛ የሚያስነሳኝ የለም።

ወደዚህ ቤት መግቢያ ከእንግዲህ የቀረህ ስልኩ ብቻ ነው። ሰውየው የሚደውለው ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ያ ሰዓት አሁን ባዶ ነው።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ ሥራህን ያቃናልህ፣ በሰው አገር ጤናህን የሚጠይቅ ሰው አያሳጣህ።

የምትጠብቅህ
እናትህ