ቢጫዋን ማን ይገዛል?

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ዚፕ ቀየርኩ። የአውቶቡስ ሹፌሩን ዩኒፎርም ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር አለ። በመስኮቱ ጉብታውን እያየሁ ቁጭ… ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥዱ መሃል ያለው ቀጭን መንገድ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል። ከዚያ ይጠፋል። ድሮ እዚያ ላይ ነበርኩ እኮ። በብስክሌት! አሁን ለደንበኞቼ ብናገር ማን ያምነኛል?

መጋቢት 6፣ ሐሙስ

ጋሼ ሱቅ መጣ። ታላቅ ወንድሜ በሥራ ሰዓት የሚመጣ ሰው አይደለም። በሩ ጋ ያቆምኩትን የጨርቅ ጥቅል ረግጦ ሊወድቅ ነበር። «ምነው፣ ዓይን የለህም እንዴ?» አልኩት፣ ለቀልድ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ነገረኝ።

ዓይኑ ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን ያያል፤ ግራና ቀኙ ግን የለም። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው አለኝ። ጥላ ውስጥ ሲሆን ይብስበታል። ሐኪሟ በመነጽርም በቀዶ ጥገናም የሚመለስ አይደለም ብላዋለች። መኪና መንዳት ካቆመ ሁለት ወር ሆኖታል። ብስክሌቱንም ከክረምት በኋላ እንዳያስበው…

«ለማን ነገርክ?»

«ላንቺ።»

የመጣበት ጉዳይ ይሄ ብቻ አይደለም። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን አንድ ጊዜ ጉብታውን ወጥቶ መውረድ ይፈልጋል። የድሮውን መንገድ። ብቻውን አይችልም። «ከፊቴ ሆነሽ ምሪኝ፣ ጭራዬ» አለኝ።

ጭራዬ! ልጅ ሆኜ ከኋላው አልጠፋ ስላልኩ ያወጣልኝ ስም ነው። መጀመሪያ በእግር፣ በኋላ በብስክሌት። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ሁልጊዜ።

«ብስክሌት የለኝም» አልኩት።

«ግዢያ!» አለ። ዳቦ ነው ያስመሰለው።

መጋቢት 7፣ ዓርብ

ጨርቅ እየቆረጥኩ ትከሻዬን ስነካካው ዋልኩ። አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው። ትልቁ ድንጋይ ጋ ያለው መታጠፊያ… ፍሬን ያዝኩ። እምቢ አለ። ከዚያ ሰማይ አየሁ። ትከሻዬ ሲድን ብስክሌቴን ሸጥኩና ለሰው ሁሉ «ጊዜ የለኝም» አልኩ። ጊዜስ ነበረኝ። ፈርቼ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

መጋቢት 9፣ እሑድ

ሕልም አየሁ። ቁልቁለቱን እየወረድኩ ነው፤ ከሥሬ ግን ብስክሌት የለም። ጉልበቴ ታጥፏል፣ እጄ አየር ጨብጧል። ጥዱ በግራና በቀኝ ያልፈኛል። ድምፅ የለም። ፍርሃትም የለም። ስነቃ ብርድ ልብሱን ረግጬ መሬት ጥዬዋለሁ።

ባለቤቴ «የት ደርሰሽ መጣሽ?» አለኝ።

«ጉብታው ሥር።»

«በእግርሽ? በርቺ» ብሎ ዞሮ ተኛ።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

ብስክሌት ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ሻጭ ዛሬም አሉ። ሰው ሲቸኩል «ቆይ፣ ቆይ» ስለሚሉ እሳቸው በሌሉበት ጋሽ ቆይ ነበር የምንላቸው። አስታወሱኝ። «ትከሻዋ!» አሉኝ። ከእኔ ነገር ሁሉ የቀረው ይሄ ነው?

ጥቁሯን አየኋት። ያገለገለች ናት… ግን ስታምር! ከፊትም ከኋላም ንዝረት የሚውጥ ሾክ አላት። ጥቁረቷ የሐር ገበር ያለው ካፖርት ይመስላል። ዋጋዋ አቅሜ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ልቤ ቀጥ አለ።

ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ቢጫ። ሾኳ የፊት ብቻ ነው። አቧራ ለብሳለች። ቢጫነቷን ምን ልበለው? የሎሚ አይደለም፣ የሰናፍጭም አይደለም። ከምንም ጨርቅ ጋር አይሄድም።

«ይቺን ማን ይገዛል?» አልኳቸው።

«እስካሁን ማንም» አሉ። ሁለት ዓመት እዚያው ቆማለች።

መጋቢት 18፣ ማክሰኞ

ሰውነቴ ሱቅ ነው፣ ልቤ ጥቁሯ ላይ። የስፌት መኪናው ሲሮጥ ስፌቱ መንገድ ይሆንብኛል። ጠርዝ ሲመጣ ገላዬ ያጋድላል። ጥድ ይሸተኛል… የሚሸተው ግን የካውያው እንፋሎት ነው።

ሹፌሩ ሱሪውን ሊለካ መጣ። እጁን ኪሱ ሊከት ቢል… ወይ ጉድ! ደፍኜ ሰፍቼዋለሁ። «እመቤት፣ ደመወዜን ከራሴ ልትደብቂልኝ ነው?» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው። እንዲህ ስቄ አላውቅም። ስተረትርለት አመሸሁ።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ

«ጥቁሯን ያውጡልኝ» አልኩ።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ቆይ። «ሰው አቅሙ ውስን ሲሆን ገንዘቡ የት እንደገባ አይቶ ነው የሚገዛ። የዚች የኋላ ሾኳ ላይ አልቋል። ፍሬኗን እይው፤ በሽቦ የሚሳብ፣ ተራ ነገር ነው። ያቺ ቢጫ የኋላ ሾክ የላትም፤ ፍሬኗ ግን የዘይት ነው። በአንድ ጣት ትቆማለች። ቁልቁለት ላይ የሚያድንሽ የቱ ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ትከሻዬም ያውቀዋል።

«ጥቁሯን» አልኩ።

ወጣሁባት። መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነው። ለደንበኞቼ በየቀኑ የምለው ምንድን ነው? «እኔ የምሰፋው ላሁኗ አንቺ ነው፤ የድሮው ልክ ካማረሽ የድሮዋን ይዘሻት ነይ።» ይሄን እያልኩ ስንቷን አስቄያለሁ! ዛሬ ግን «ትለመዳለች» ብዬ ቀብድ ሰጠሁ።

ምን ነክቶኝ ነው?

መጋቢት 29፣ ቅዳሜ

ጥቁሯን ላሳየው ጋሼን ይዤው ሄድኩ። ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ከጋሽ ቆይ ሱቅ ጀርባ ዛፍ ያለበሰው የእግር መንገድ አለ። «ተከተለኝ» ብዬ በጥቁሯ ቀደምኩ። ከብስክሌቷ ጋር እንዲሄድልኝ ጥቁር ጃኬት ለብሻለሁ… ወይ እኔ!

ሃያ ሜትር አልሄድንም። ከኋላዬ ፍሬን ሲጮህ ሰማሁ።

«ጭራዬ… የት ገባሽ?»

ዞርኩ። አሥር እርምጃ ላይ ቆሟል። ወደ እኔ እያየ ነው። እኔን እያየ ነው «የት ገባሽ?» የሚለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ግን እንዳልሆነ ገባኝ።

«እዚህ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እ… ጥላው ዋጠሽ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም።

እየገፋን ተመለስን። ጋሽ ቆይ አቧራዋን ሊያራግፉላት ቢጫዋን ግቢው ጫፍ ዛፍ ሥር አውጥተዋታል። ጋሼ በሩ ላይ ቆመ። አገጩን ቀና አደረገ።

«ያቺ ማን ናት?»

«ማ?»

«ያቺ፣ ቢጫዋ።»

ከእኔ ቀድሞ አያት። ጥላ ውስጥ፣ ያን ያህል ርቀት ላይ!

ጋሽ ቆይ እኔን አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ይሄኔ «ቆይ» አላሉም። ቀብዱን ወደ ቢጫዋ አዛወሩልኝ። ከጥቁሯ ስለምትረክስ በተረፈው ሄልሜት ገዛሁ። ስወጣባት ሁለቱም እግሬ መሬት አረፈ። ጥቁሯን ዞሬ አላየኋትም… አንዴ ብቻ።

ሚያዝያ 2፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቢጫዋን አይቶ «አይ፣ ይቺስ ብትጠፋም ፈላጊ አታደክምም» አለ። ሳልስቅ ቀረሁ። ግራ ገባው። የጋሼን ነገር ያኔ ነገርኩት። ሄዶ ጎማዋን ነፋላት።

ሚያዝያ 7፣ እሑድ

አቀበቱን ሞከርኩ። ሳንባዬ የእኔ አይደለም። ጭኔም የሌላ ሴት ነው። ሦስት ጊዜ አረፍኩ። አንዲት አሮጊት ከነዘንቢላቸው አልፈውኝ ሄዱ። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ይሄ ደግሞ ባሰ!

ሆኖም ስወርድ፣ የታችኛው ሜዳማ ቦታ ላይ፣ ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ… አዎ። ይሄ ነበር። ይሄን ነበር የረሳሁት።

ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ

መታጠፊያው ጋ ደረስኩ። ድንጋዩ እዚያው አለ። ምን ልሁን ብሎ ይሄዳል? ወርጄ እየገፋሁ አለፍኩት። ማንም አላየኝም። እኔ ግን አየሁኝ።

ሚያዝያ 27፣ ቅዳሜ

ዛሬም ገፋኋት።

ከሰዓት ጋሼ ቤት ነበርኩ። ሻይ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው አጠገብ አፈሰሰው። አላየሁም ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከጉብታው በላይ ደመና ተሰብስቧል። «መቼ ነው?» አለኝ። «ትንሽ ቀረኝ» አልኩት። መታጠፊያውን አልነገርኩትም። እኔ በእግሬ የማልፈውን እሱን በምን አሳልፈዋለሁ?

ግንቦት 3፣ ዓርብ

ጋሽ ቆይ ጋ ጎራ አልኩ፣ ሰንሰለት ለማስቀባት ብዬ። ሰበብ ነው። እሳቸውም ገባቸው። «ድንጋዩን ታዪዋለሽ አይደል?» አሉ። «እንዴት አላየውም?» «እሱ ነዋ። ዓይንሽ ያረፈበት ትሄጃለሽ። ድንጋዩን ተዪውና መውጫውን እዪ።»

ግንቦት 4፣ ቅዳሜ

መውጫውን አየሁ። አንድ ጣት ፍሬን ላይ። አለፍኩ!

ታች ደርሼ ሣሩ ላይ ተዘረርኩ። ደመናው ሲሄድ አየሁ… ስንት ሰዓት እንደቆየሁ እንጃ። ጉንዳን አንገቴ ላይ ወጣ። ተነሽ ባይ ሰው ባይመጣ ደስ ባለኝ።

ግንቦት 14፣ ማክሰኞ

ጨርቅ ልገዛ ሄጄ አገኘሁት። ያንኑ ቢጫ! ከመደርደሪያው ሥር፣ ተጠቅልሎ። ሻጯ «ከስንት ጊዜ በኋላ ፈላጊ መጣልህ» አለችው፣ ጨርቁን። ለራሴ ሰደርያ ቆረጥኩ። ከጀርባ ሰፋ ያለ፣ ምንም ጌጥ የሌለው። ከምንም ጨርቅ ጋር አይሄድም ያልኩት እኔ ነኝ…

ግንቦት 19፣ እሑድ

ወጣን።

በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ። አቀበቱ ላይ እሱ ከእኔ ይሻላል፤ ዓይን እንጂ እግር አላጣም። ጫፍ ላይ ውሃ ጠጣንና ስምምነታችንን ደገምን፦ በየጥቂቱ «አለሁ» ይላል። እኔ ዞሬ አላይም፤ ከዞርኩ ሁለታችንም ገደል ነን።

ቁልቁል። ጥዱ ውስጥ ስንገባ ጨለም አለ። «አለሁ!» ጎማው ቅጠሉን ይረግጣል። «አለሁ!» የሕልሜ መንገድ ነበር፤ አሁን ግን ከሥሬ ብረት አለ፣ ከኋላዬ ድምፅ አለ። «አለሁ!» የድሮው ጥርጊያ እንደለሰለሰ ነው። ምንም አላሰብኩም። ይሄ መንገድ ባያልቅ አልኩ።

መታጠፊያው ሊደርስ ሲል… ዝም።

ፍሬን ያዝኩ። በአንድ ጣት ቆመች። ዞርኩ። ጋሼ ከላይ፣ ዛፉ በተከፈተበት ቦታ ላይ፣ አንድ እግሩን መሬት አድርጎ ቆሟል። ቢጫዋን ጥዬ እየሮጥኩ ወጣሁ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። እያየሁ ነው።»

ከታች ከተማው ተዘርግቷል። ጣራው፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የእኔ ሱቅ ያለበት መንገድ። እሱ መሃሉን ብቻ ነው የሚያየው።

«በጎን ምን አለ?» አለኝ።

ነገርኩት። በግራ ጭስ የሚወጣበት ቤት አለ። አንዲት ሴት ነጭ አንሶላ እያሰጣች ነው። አንዱ አመለጣት፣ እየሮጠች ነው። በቀኝ ወንዙ። ከወንዙ ማዶ ዝናብ… ገና ሩቅ ነው፣ ግን እየመጣ ነው። የማወራው እስኪያልቅብኝ አወራሁ። አንገቱን ሳያዞር ሰማኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። የእኔም።

«በቃ። ቅደሚ» አለ።

ቀደምኩ። ድንጋዩ። መውጫው። መውጫው… አለፍኩ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

«አለሁ!»

ታች ስንደርስ ሣሩ ላይ ወድቆ ይስቃል። «ጭራዬ፣ ጀርባሽ እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ? ከተማውን ጋርደሽብኝ ወረድሽ!»

«ሰደርያው ነው!» አልኩት። ሰደርያው ብቻ እንኳ አይደለም።

ግንቦት 22፣ ረቡዕ

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ጉብታው አይታይም።

ጋሼ በምሳ ሰዓት ብስክሌቱን እየገፋ መጣ፣ በስብሶ። «አንቺ ጋ ትቀመጥ። ጎማዋን አልፎ አልፎ ንፊልኝ» አለ። ሱቁ ጥግ ያቆምኳት ቢጫዋ አጠገብ አስደግፎ መቀመጫዋን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት። መንገዱን ሲሻገር ቆመ፣ አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዞረ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ። ግራጫ ኮት፣ ግራጫ ዝናብ ውስጥ። አንድ ባለመኪና አጠገቡ ደርሶ ነው ያየው። ጥሩምባውን አምባረቀበት። እጄ ላይ ያለውን መቀስ ጣልኩት።

መኪናው አልፎት ሄደ። ጋሼ ደህና ነው።

ከቢጫው ጨርቅ የተረፈኝን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። እሱ ካላየ መኪናው ይየው። ይቀየመኝ ይሆን? ይቀየመኝ። ሰደርያ ሰፍቼ አለብሰዋለሁ፤ ጭራው ነኝ፣ መልበሱን እስካይ አልለቀውም።

ጠመኔ አነሳሁ። ሜትሩ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አልተጠቀምኩበትም። የትከሻውን ስፋት፣ የወገቡን፣ ጎንበስ ሲል የሚወጠርበትን ቦታ… ያን ጀርባ ስንት ዓመት ተከትዬዋለሁ። በዓይኔ ቆረጥኩት።